ጠገራ ብርን በኢንተርኔት ጨረታ ስለ መግዛት

(ከዚህ በታች የቀረበው ምንባብ ገላጭ ድርሰት ነው። ጉዳዩ በምን ቅደም ተከተል እንደተብራራ እየተከታተላችሁ በጥሞና አንብቡት። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሮጌ ቴምብር፣ የደረት ዓርማ፣ ሜዳልያና የጥንት ገንዘብ መሰብሰብ በብዙ አገሮች የተለመደ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ሰብሳቢው እነዚህን ዕቃዎች የሚፈልጋቸው ለዕለት መገልገያ ሳይሆን ከአንድ ዘመን፣ ከአንድ ቦታ ወይም ከአንድ ድርጊት ጋር ስላላቸው ግንኙነት ነው። ስለዚህ የዕቃው ዋጋ የተመሠረተው በእውነተኛነቱ ላይ ነው። ማንኪያ የትም ተሠራ የት ወጥ ይጨለፍበታል፤ ሐሰተኛ ሜዳልያ ግን ምንም ያህል ቢያምር ለሰብሳቢው ከተራ ብረት አይበልጥም።

በቀድሞ ጊዜ ሰብሳቢው ይህን መሰል ዕቃ የሚገዛው በእጁ ይዞ፣ አገላብጦ ተመልክቶ ነበር። ዛሬ ግን ብዙው ግዢ የሚፈጸመው በኢንተርኔት ጨረታ ነው። ኢቤይ የተባለው የታወቀ የጨረታ ገበያ በ1995 በአሜሪካ ከተቋቋመ ወዲህ፣ በአንድ ክፍለ ዓለም የሚኖር ሰው በሌላው ከሚኖር ፈጽሞ ከማያውቀው ሰው ዕቃ ለመግዛት ችሏል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ሻጩ የዕቃውን ፎቶግራፍና መግለጫ ያወጣል፤ የመነሻውን ዋጋና ጨረታው የሚዘጋበትን ሰዓት ይወስናል፤ ተጫራቾች ዋጋ ይጨምራሉ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ የሰጠው ሰው ዕቃውን ይወስዳል። በዚህ አሠራር ሁለቱ ወገኖች እኩል አይደሉም። ሻጩ ዕቃውን በእጁ ይዞታል፤ ገዢው ግን የሚያየው ሥዕሉን ብቻ ነው። የሐሰተኛ ዕቃ ነጋዴም የሚጠቀመው በዚሁ ልዩነት ነው።

ነገሩን በግልጽ ለመረዳት እንዲቻል፣ በአገራችን «ጠገራ ብር» በመባል የሚታወቀውን የማሪያ ቴሬዛን ብር በምሳሌነት እንውሰድ። ማሪያ ቴሬዛ ከ1740 እስከ 1780 የኦስትሪያን ግዛቶች የገዛች ንግሥት ነበረች። በስሟና በመልኳ የተቀረጸው ብር በቀይ ባሕር አካባቢ ንግድ እጅግ ተፈላጊ ስለ ነበር፣ እርሷ በ1780 ከሞተች በኋላም ማተሙ አልተቋረጠም። ነጋዴው የለመደውን መልክ እንጂ ሌላ አልቀበልም ስላለ፣ ከዚያ ወዲያ የታተመው ጠገራ ሁሉ «1780» የሚለውን ቁጥር እንደያዘ ቀረ። በኢትዮጵያም ጠገራ ብር ከአሞሌ ጨው ጋር ጎን ለጎን መገበያያ ሆኖ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 በራሳቸው መልክ ገንዘብ ካሳተሙ በኋላ እንኳ ሕዝቡ ጠገራውን አልተወም፤ ከመገበያያነት የወጣው አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በ1945 ሥራ ላይ ሲውል ነው። ዛሬ ጠገራ ብር የአንገት ጌጥና የቤተ ሰብ ቅርስ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሰብሳቢዎችም በየጨረታው ይፈልጉታል።

የማተሙ ሥራ በአንድ ከተማ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረችበት በ1935 የማተሚያውን ቅርጽና መብት ከኦስትሪያ አግኝታ በሮም ማተም ጀመረች። ብሪታንያም በ1936 በለንደን ያንኑ ብር ማተም ቀጠለች፤ ብራስልስ፣ ፓሪስና ቦምቤይም እንዲሁ አተሙ። የቪየናው የገንዘብ ማተሚያ ቤት እስከ ዛሬ ድረስ ያትመዋል። እንግዲህ በጨረታ የሚቀርብ ጠገራ ከሦስት ዓይነቶች አንዱ ነው። አንደኛው በንግሥቲቱ ዘመን የተሠራው ሲሆን ቁጥሩ በጣም ጥቂት ነው። ሁለተኛው የታወቁ ማተሚያ ቤቶች በዚያው ክብደትና በዚያው የብር ጥራት የሠሩት ድጋሚ እትም ነው። ሦስተኛው ከርካሽ ብረት ተሠርቶ የተለበጠው ወይም የብር መጠኑ የተቀነሰው ሐሰተኛው ነው። ሁለተኛው ዓይነት ሐሰተኛ አይደለም፤ ማታለል የሚሆነው ሻጩ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነው» ብሎ በጥንታዊው ዋጋ ሲሸጠው ነው። ስለሆነም በጠገራው ላይ የተጻፈው ዓመት ስለ ዕድሜው ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ይህን የማያውቅ ገዢ ሐሰተኛ ባይገጥመው እንኳ ያለ ዋጋው ከፍሎ ይገኛል።

ትክክለኛውን ለይቶ ለማወቅ በቅድሚያ መልኩን ማጥናት ያስፈልጋል። ትክክለኛ ጠገራ 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ 23.39 ግራሙ ንጹሕ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። የክቡ ስፋት 40 ሚሊሜትር ያህል ነው። በፊት ገጹ የንግሥቲቱ ምስል፣ ከምስሉም ግርጌ «ኤስ» እና «ኤፍ» የሚባሉት የላቲን ፊደላት ይገኛሉ። በጀርባው ሁለት ራስ ያለው ንስር ተቀርጿል። በጠርዙ ዙሪያ ደግሞ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ አለ። በጥንቱ ገበያ ተቀባዩ በንግሥቲቱ የራስ ጌጥና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን እንክብሎች ሳይቀር ይመለከት ነበር። እነዚህ ረቂቅ ነገሮች በሐሰተኛው ላይ ብዙውን ጊዜ ይደበዝዛሉ፤ ፊደላቱ ይፈዛሉ፤ ገጹም እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ የተበሳሳ ይሆናል። ከሁሉ ይልቅ አስመስሎ ለመሥራት የሚያስቸግረው ጠርዙ ነው። በሁለት ግማሽ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ጠገራ በጠርዙ ላይ የመጋጠሚያ መስመር ሊታይበት ይችላልና።

አሁን ደግሞ ገዢው ዋጋ ከመስጠቱ በፊት ሊመረምራቸው የሚገቡትን አራት ነገሮች በተራ እንመልከት።

የመጀመሪያው ፎቶግራፉ ነው። አንዳንድ ሻጭ የሚያወጣው የራሱን ዕቃ ሥዕል ሳይሆን ከሌላ ቦታ የተወሰደ ሥዕል ነው። ስለዚህ ገዢው የፊቱን፣ የጀርባውንና የጠርዙን ፎቶግራፍ፣ እንዲሁም ጠገራው በሚዛን ላይ ሆኖ የዕለቱ ቀን ከተጻፈበት ወረቀት ጎን የተነሣውን እንዲልክለት ይጠይቅ። ዕቃው በእጁ ያለ ቅን ሻጭ ይህን ለማድረግ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ሰበብ የሚደረድር ሻጭ ግን ለጥያቄው መልስ የሰጠ ያህል ነው።

ሁለተኛው ዋጋው ነው። የዕለቱ የአንድ ግራም ንጹሕ ብር ዋጋ በ23.39 ሲባዛ በጠገራው ውስጥ ያለው የብር ዋጋ ይገኛል። የጨረታው መነሻ ዋጋ ዝቅ ማለቱ ብቻውን አያስጠረጥርም፤ ተጫራቾችን ለመሳብ የሚደረግ ነውና። ነገር ግን አንድ ሻጭ ብዙ ጠገራዎችን በተከታታይ ከብሩ ዋጋ በታች የሚሸጥ ከሆነ፣ አቅልጦ ቢሸጠው የበለጠ የሚያገኝበትን ዕቃ ለምን በርካሽ እንደሚሰጥ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው የመግለጫው ቋንቋ ነው። «ከአያቴ ሣጥን የተገኘ ስለሆነ ስለ ጥራቱ አላውቅም» ወይም «በጥንታዊው አምሳያ የተሠራ» የሚሉ አነጋገሮች ሻጩን ከኃላፊነት ለማዳን የተጻፉ ሊሆኑ ይችላሉ። በአሜሪካ በ1973 የወጣ ሕግ የሰብሳቢ ገንዘብ ቅጂ በሚሠራበት ጊዜ «ቅጂ» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ቃል በላዩ እንዲታተም ያዛል። አታላይ ግን ይህን አይፈጽምም፤ ወይም የታተመውን ቃል ፍቆ ያጠፋዋል። ስለሆነም የቃሉ አለመኖር ለእውነተኛነቱ ዋስትና አይሆንም።

አራተኛው የሻጩ ጠባይና የሽያጩ ሁኔታ ነው። ቀደም ሲል የገዙ ሰዎች የሰጡት አስተያየት ሲነበብ ቁጥሩን ብቻ ማየት አይበቃም። መቶ የስልክ ሽፋን በመሸጥ የተመሰገነ ሰው ስለ ጥንት ገንዘብ ታማኝነቱ ገና አልተፈተነም። ዕቃው ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ መመለስ ይቻል እንደሆነም አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ክፍያው ምን ጊዜም በጨረታው ገበያ በኩል መፈጸም ይኖርበታል። «ከገበያው ውጭ በቀጥታ ብትልክልኝ ዋጋ እቀንስልሃለሁ» የሚል ሻጭ፣ ገዢው አቤት የሚልበትን በር በቅናሽ ስም እየዘጋበት ነው። ፒሲጂኤስ እና ኤንጂሲ በተባሉት የምርመራ ድርጅቶች ተረጋግጦ በልዩ ማኅደር የታሸገ ጠገራ ሲቀርብም፣ ማኅደሩ ራሱ በሐሰት ሊሠራ ስለሚችል የተጻፈበትን ቁጥር ከድርጅቱ መዝገብ ጋር ማመሳከር ያሻል።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው እንኳ የሚሳሳትበት ጊዜ አለ፤ ይኸውም ጨረታው ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። በዚያ ሰዓት ተጫራቹ የሚያስበው ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ መሸነፍ ነው። ዋጋውን የሚያንሩት የሻጩ ግብረ አበሮች ሊሆኑ እንደሚችሉም ይዘነጋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ በችኮላ የተሰጠ ዋጋ በኋላ ጸጸት ያስከትላል። ስለዚህ ገዢው የሚከፍለውን ከፍተኛ ዋጋ ረጋ ባለ ጊዜ ወስኖ በወረቀት ይጻፍ፤ ከዚያ ካለፈ ይተወው። ጠገራ ብር በሚሊዮኖች የታተመ ስለሆነ ሌላ ጨረታ መምጣቱ አይቀርም።

ዕቃው ከደረሰ በኋላ ምርመራው በእጅ ይቀጥላል። ማሸጊያው ሲከፈት ፎቶግራፍ ማንሣት ለክርክር ይጠቅማል። ቀጥሎ ጠገራው በደቃቅ ሚዛን ይመዘናል። በብዙ እጅ ያለፈ ጠገራ ጥቂት ሊቀንስ፣ ማንጠልጠያ የተበየደበት ደግሞ ሊጨምር ይችላል፤ ልዩነቱ ብዙ ግራም ከሆነ ግን ያጠራጥራል። ማግኔት ቢስበው ትክክለኛ አይደለም፤ ባይስበው ግን ገና አልተረጋገጠም፤ መዳብንና ናስንም ማግኔት አይስባቸውምና። የተሻለው ፈተና የእፍግታ ልክ ነው። ውኃ የያዘ ብርጭቆ በሚዛን ላይ ተቀምጦ ሚዛኑ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ጠገራው በቀጭን ክር ታስሮ የብርጭቆውን ወለልና ግድግዳ ሳይነካ በውኃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይጠልቃል። ሚዛኑ የሚያሳየው የግራም ቁጥር ጠገራው የያዘውን ቦታ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይገልጻል። የጠገራው ክብደት ለዚህ ቁጥር ሲካፈል ለትክክለኛው ጠገራ 10.2 ያህል፣ ለናስ ግን 8.5 ያህል ይሆናል። ይህ ፈተና የብሩን ጥራት እንጂ ዕድሜውን አይነግርም። በአንድ ፈተና ብቻ መወሰን አይገባም። ጠገራውን መፋቅ ወይም በአሸዋ መወልወልም ዋጋውን ያበላሻል፤ ለመመለስም ያስቸግራል።

ምርመራው ሐሰተኛነቱን ካሳየ ገዢው ማስረጃውን ይዞ የጊዜው ገደብ ሳያልፍ ለጨረታው ገበያ ማመልከት አለበት። ገንዘቡ ባይመለስለት ግን ከባድ ምርጫ ይገጥመዋል። ጠገራውን ዝም ብሎ ለሌላ ሰው ቢሸጠው ኪሳራው ይቀርለታል፤ ነገር ግን ተታላይ የነበረው ሰው አታላይ ሆነ ማለት ነው። ለልጁ ቢያወርሰውም ልጁ የአያቶቹ ቅርስ ነው ብሎ የሚያከብረው ነገር ውሸት ይሆናል። ሐሰተኛ ዕቃ ዕድሜው የሚረዝመው የሠራው ሰው ብልህ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የተታለሉት ሰዎች እያወቁ ስለሚያሳልፉትም ነው። በላዩ «ሐሰተኛ» ተብሎ የተጻፈበትና ከትክክለኛው ጎን ለማስተማሪያ የተቀመጠ ጠገራ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንንም ሊያታልል አይችልም።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።
1. በኢንተርኔት ጨረታ ሻጭና ገዢ እኩል ያልሆኑት ለምንድን ነው?
2. ድጋሚ እትምና ሐሰተኛ ጠገራ በምን ይለያያሉ?
3. «1780» የሚለው ቁጥር የጠገራውን ዕድሜ የማያረጋግጠው ለምንድን ነው?
4. 28 ግራም የሚመዝን ጠገራ በውኃ ውስጥ ሲጠልቅ ሚዛኑ 3.3 ግራም ቢያሳይ ገዢው ምን ሊደመድም ይችላል?

ለ. የሚከተሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግብታችሁ ጻፉ።
ግብረ አበር፣ ዋስትና፣ ማመሳከር፣ ቅርስ፣ ሰበብ

ሐ. አንድ ሰው ሲገዛው ሊታለልበት የሚችል ዕቃ መርጣችሁ፣ ትክክለኛው ከሐሰተኛው የሚለይባቸውን ምልክቶች በቅደም ተከተል የሚያብራራ አራት አንቀጽ ያለው ገላጭ ድርሰት ጻፉ።