«ክራይስ» እና «አምት»፤ የሰሜን ፍሪዝላንድ አውራጃና የስያሜው ችግር

የአስተዳደር እርከኖችን ስም ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ መመለስ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ሆኖም ብዙ ስሕተት የሚፈጸምበት ሥራ ነው። በጀርመንና በዴንማርክ ወሰን ላይ የሚገኘው የሰሜን ፍሪዝላንድ አውራጃ ለዚህ በቂ ማስረጃ ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አውራጃው በሽሌስቪግ ሆልሽታይን ክልል፥ በሰሜን ባሕር ዳርቻ ይገኛል። ስፋቱ 2,080 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ሲልት፥ ፎርና አምሩም የተባሉትን ደሴቶች ይጨምራል፤ ዋና ከተማው ሁዙም ነው። በነዋሪዎቹ ዘንድ ጀርመንኛ፥ የታችኛው ጀርመንኛ፥ ሰሜን ፍሪዝኛ፥ ዴንማርክኛና የደቡብ ዩትላንድ ዘዬ ይነገራሉ። ስለዚህም አንዱን ደሴት ጀርመኑ «ሲልት»፥ ፍሪዛዊው «ሶል»፥ ዴንማርካዊው «ሲል» ይለዋል።

የአውራጃው ታሪክ ከወሰኑ ታሪክ ተለይቶ አይታይም። ከ1867 እስከ 1920 የቶንደርን አውራጃ በጀርመኖች አገዛዝ ሥር ነበር። በ1920 በሁለት ቀጣናዎች ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ፥ የሰሜኑ ቀጣና አብዛኛው ሕዝብ ዴንማርክን፥ የደቡቡ ጀርመንን መረጠ። የቶንደርን ከተማ ነዋሪዎች በብዛት ለጀርመን ድምፅ ሰጥተው ነበር፤ ነገር ግን የሰሜኑ ቀጣና ድምፅ የተቆጠረው በጥቅል ስለ ነበር ከተማቸው ወደ ዴንማርክ ተዛወረች። በጀርመን በኩል የቀረው ምድር «ደቡብ ቶንደርን» ተብሎ ራሱን የቻለ አውራጃ ሆነ፤ ስሙን ያገኘባት ከተማ ግን ከወሰኑ ማዶ ቀረች። በ1970 ይኸው አውራጃ ከሁዙምና ከአይደርሽቴት አውራጃዎች ጋር ተዋሕዶ የዛሬው ሰሜን ፍሪዝላንድ ተመሠረተ።

ጀርመኖች ይህን እርከን «ክራይስ» ይሉታል። የቃሉ ጥሬ ፍቺ «ክብ» ነው፤ ነገር ግን «ክበብ» ተብሎ ቢመለስ አንባቢው የአንድ ማኅበር መሰብሰቢያ ይመስለዋል። «አምት» የተባለው ቃል ደግሞ ከዚህ የባሰ ያሳስታል። በዴንማርክ እስከ 2006 መጨረሻ ድረስ «አምት» በማዕከላዊው መንግሥትና በማዘጋጃ ቤቶች መካከል ያለ ሰፊ እርከን ነበር። በሽሌስቪግ ሆልሽታይን ግን ከክራይስ በታች ሆኖ፥ ትንንሽ ማዘጋጃ ቤቶች የጽሕፈት ሥራቸውን በአንድነት የሚያካሂዱበት ድርጅት ነው። «ደቡብ ቶንደርን» ራሱ እስከ 1970 የክራይስ ስም ነበር፤ ከ2008 ወዲህ የአምት ስም ሆኗል። እንግዲህ የሰነዱን ዘመን ሳይመረምር የልደት ወይም የርስት ማስረጃ የሚተረጉም ሰው፥ ባለጉዳዩን ወደማይመለከተው መሥሪያ ቤት ሊልከው ይችላል።

ስለሆነም ለጀርመኑ «ክራይስ» እና ለቀድሞው የዴንማርክ «አምት» «አውራጃ»፤ ለጀርመኑ «አምት» ደግሞ «የማዘጋጃ ቤቶች ጥምር አስተዳደር» የሚሉት አቻዎች ቢያዙ ይሻላል እንላለን። «አውራጃ» በቀድሞው አስተዳደራችን ከክፍለ ሀገር በታች፥ ከወረዳ በላይ የነበረውን እርከን ያመለክት ስለ ነበር ለደረጃው ይስማማል፤ እንደ «ዞን» ዛሬ በሥራ ላይ ካለው መዋቅራችን ጋርም አይደባለቅም። አንድ ጉድለት ግን አለው። የእኛ የአውራጃ ገዥ ከላይ ይሾም ነበር፤ የክራይሱ ምክር ቤት ግን በሕዝብ ይመረጣል፥ አስተዳዳሪውንም የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው። ስለዚህ ቃሉ በጽሑፉ ውስጥ መጀመሪያ በሚገባበት ቦታ ተርጓሚው «ምክር ቤቱ በሕዝብ የሚመረጥ አውራጃ» ብሎ ቢጽፍ፥ ከዚያ በኋላ «አውራጃ» ማለቱ ብቻ ይበቃዋል።