ከጎንደር መድረክ እስከ ቬኒስ፦ ኃይሌ ገሪማ

ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ቲያትርን ያወቁት ከቤታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 በጎንደር ሲወለዱ፣ አባታቸው ገሪማ ታፈረ ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ። ስለ አርበኞች የሚተርከው «ጎንደሬ በጋሻው»ም የእሳቸው መጽሐፍ ነው። ልጅየው የአገሩን ታሪክ በመድረክ ላይ ሲነገር እየሰማ አደገ።

በ1967 ትወና ሊማሩ ቺካጎ፣ ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ መድረክ ግን ለጥቁር ተዋናይ የሚተርፈው ብዙውን ጊዜ የአገልጋይ ሚና ነበር። ወጣቱ ችግሩ ከትወናው ሳይሆን ከድርሰቱ እንደሚጀምር ተረዱ። ብዕሩ በሌላ ሰው እጅ እስካለ ድረስ ጥቁሩ ከዳር አይወጣም። ስለዚህ ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አጠኑ፤ ድርሰቱንም ዝግጅቱንም ራሳቸው ያዙ።

ገና ተማሪ ሳሉ፣ በ1974 የንጉሡ ሥርዓት ባበቃበት ሰሞን ወደ አገር ቤት መጥተው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጹ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀረጻው ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ወሰደ። የተጫወቱት በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ሲሆኑ፣ የታሪኩ ባለቤት በባለ መሬት ቀንበር ሥር የሚማቅቅ የገበሬ ቤተሰብ ነው። ገበሬው በአማርኛ ይናገራል፤ ካሜራውም ሳይቸኩል ያዳምጠዋል።

ከ1975 ጀምሮ በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1993 ስለ ባርነት የሠሩትን «ሳንኮፋ» የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም ሲሏቸው፣ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከተማ ለከተማ አሳዩት፤ ሕዝቡም ተሰልፎ አየው። ከባለቤታቸው ከሺሪኪያና አይና ጋር በዩኒቨርሲቲው አጠገብ የከፈቱት መጻሕፍት ቤትም በዚሁ ፊልም ስም ይጠራል።

ጀርመን ተምሮ በደርግ ዘመን ወደ አገሩ የተመለሰውን ሐኪም አንብርብርን የሚከተለው «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ፊልም ጽሑፍ ሽልማትን አገኘ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉው የፊልም ፌስቲቫል በፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ወሰደ።

በሐዋሳም ይሁን በጎንደር ድራማ የምትጽፉና የምትተውኑ ወጣቶች፣ የእኚህን ሰው ሥራዎች ፈልጋችሁ እዩ። የሚመጥናችሁ ሚና ካጣችሁ፣ ሌላ ሰው እስኪጽፍላችሁ አትጠብቁ፤ ራሳችሁ ጻፉት።