መጽሐፍ በመንደርም ይወለዳል
(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

«መጽሐፍ ማውጣት የአዲስ አበባ ሰው ሥራ ነው» ሲባል በየቤታችን እንሰማለን። በገጠሩና በትንንሽ ከተሞች ግን መንዙማ የሚደርሱ፣ የአካባቢያቸውን ታሪክ የሚያውቁ፣ ሥዕል የሚሥሉ ወንድሞችና እኅቶች ሞልተዋል። የጻፉት ደብተር ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ያልጻፉት ደግሞ ከነርሱ ጋር ይቀበራል። ለመሆኑ መጽሐፍ ለማውጣት ትልቅ ማተሚያ ቤት የግድ ነውን? በዛሬው ዝግጅታችን የምንመለከተው ይህንን ነው።

በመጀመሪያ በምሥራቅ ጎጃም ወደምትገኘው ደብረ ወርቅ እንሂድ። ደብረ ወርቅ ከድሮ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ትምህርቷና በብራና መጻሕፍቷ የታወቀች ናት። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ አለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። እንዲህ ባሉ ቦታዎች መጽሐፍ ከሩቅ ተገዝቶ የሚመጣ ዕቃ አልነበረም። የአካባቢው ፍየል ይታረዳል፤ ቆዳው ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ይፋቃል፤ ብራና ይሆናል። ብርዑ ከመቃ ይቀረጻል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይዘጋጃል፤ ቀዩ ለአርእስትና ለከበሩ ስሞች ይውላል። ጸሐፊው ጽፎ ሲጨርስ ሌላው ይጠርዘዋል። በመጽሐፉም ላይ ብዙ ጊዜ የጻፈውና ያስጻፈው ሰው ስም ይሠፍራል። እንግዲህ ባለ ፍየሉ፣ ፋቂው፣ ጸሐፊው፣ ጠራዡና ወጪውን የቻለው በአንድ አገር የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬ «ኅትመት» የምንለው ሥራ ሁሉ በመካከላቸው ነበር።

የሙስሊሙ ኅብረተሰብም ከዚህ ሥራ የራቀ አልነበረም። የወሎ ሸኾች አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል፣ ማለትም በዐጀም፣ እየጻፉ መንዙማቸውን ለደረሶቻቸው አስተላልፈዋል። በ1928 ዓ.ም. ገደማ ያረፉት ሸኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር ከነዚህ አንዱ ናቸው። ደረሳው ከሸኹ ቅጂ ገልብጦ ወደ አገሩ ይወስዳል፤ ሌላው ከርሱ ይገለብጣል። በሐረርም ቁርኣንና ኪታብ በእጅ ተጽፎ በቆዳ ይጠረዝ ነበር። ይህ የጥራዝ ጥበብ ሊጠፋ ከተቃረበ በኋላ በአቶ አብዱላሂ ሸሪፍና በሙዚየማቸው ጥረት እንደገና ነፍስ ዘርቷል።

ውድ አድማጮቻችን! መጻፍ ለምን ያስፈልጋል ለሚል ሰው የየማማን ጦርነት እናስታውሰዋለን። በዚያ ጦርነት ቁርኣንን በቃላቸው የያዙ ብዙ ሶሓቦች ተሰዉ። ዑመር (ረ.ዐ.) ይህን አይተው ቁርኣኑ እንዲሰበሰብ ለአቡበክር (ረ.ዐ.) አሳሰቡ። አቡበክርም መጀመሪያ ካመነቱ በኋላ ዘይድ ኢብኑ ሣቢትን (ረ.ዐ.) አዘዙ። ዘይድም ከዘንባባ ዝንጣፊ፣ ከድንጋይ ሰሌዳና ከሰዎች ልብ ሰበሰቡት። የአላህን ቃል ከሰው ድርሰት ጋር ማስተካከላችን አይደለም። ነገር ግን የያዙት ሰዎች ሳያልፉ መጻፍ እንደሚገባ ከዚህ እንማራለን።

«ጥቂት ቅጂ ምን ይጠቅማል?» የሚልም አይጠፋም። በ1890ዎቹ ዓ.ም. አንድሬያስ ካቫዲያስ የተባለ ግሪካዊ በአዲስ አበባ የጀመረው «አእምሮ» የተባለው የአማርኛ ጋዜጣ በመጀመሪያ የሚወጣው በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ነበር። ዛሬ የአማርኛ ጋዜጣ ታሪክ ሲነገር ስሙ ከፊት ይነሣል።

ታዲያ ከየት እንጀምር?

አንደኛ፣ ከቤታችን ሽማግሌ እንጀምር። ልጆች በስልካቸው ድምፅ ይቅረጹ፤ ከዚያ ቃል በቃል ይጻፉ። የተናገረው ሰው ስም፣ ቦታውና ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍ። እነዚህ የሌሉት ጽሑፍ ከሃያ ዓመት በኋላ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ሁለተኛ፣ የሰው ሐቅ ይጠበቅ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ የአንድን ሰው መንዙማ ከማባዛታችን በፊት እርሱን ወይም ወራሾቹን እናስፈቅድ።

ሦስተኛ፣ ከመባዛቱ በፊት በጎረቤት ፊት ይነበብ። ማተሚያ ቤት የማያውቀው ጽሑፍ አራሚ ስለማይኖረው ስሕተት ይበዛበታል። የሚያውቁ እናቶችና አባቶች ሰምተው ያርሙት። የሃይማኖት ጉዳይ ከሆነ ለዓሊም ይታይ።

አራተኛ፣ ወጪውን እንካፈለው። በየወረዳው ከተማ ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ አለ። ሠላሳ ቅጂ ለጀመዓው መዋጮ ከባድ አይደለም። ሥዕል የሚችለው ሽፋኑን ይሣል፤ የሚሰፋው ይጠርዝ።

አምስተኛ፣ ሁሉም ቅጂ በአንድ ቤት አይቀመጥ። ምስጥና እሳት አንዱን ቢያጠፉ ሌላው ይተርፋል። አንዱ በመስጊድ፣ አንዱ በትምህርት ቤት፣ አንዱም አዲስ አበባ በሚገኘው በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ።

ልጆቻችን የአያታቸውን ስም በመጽሐፍ ላይ ሲያዩ መጽሐፍ የሌላ አገር ሰው ነገር አለመሆኑን ያውቃሉ። ዛሬ ማታ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይዘን ከአያቶቻችን አጠገብ እንቀመጥ። ነገ የምናገኛቸው ስለ መሆናችን ዋስትና የለንምና።

አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝምልን፤ ዕውቀታቸውንም ለልጆቻችን ያቆይልን። አሚን።