ስለ ስኳር በሽታ፤ መብልን መመጠንና በእግር መኼድ

ጤና ባለ ጊዜ ዋጋው የማይታወቅ፤ ከጠፋ በኋላ ግን በወርቅም በብርም የማይገዛ ሀብት ነው። ሰው ይህን ሀብት የሚያጣው በጦርነት ወይም በወረርሽኝ ብቻ አይደለም። በየቀኑ በገበታው ላይ በሚያበዛው ጥቂት ነገር፤ በየቀኑም ሊሠራው ሲገባ በሚተወው ጥቂት ነገር ደግሞ ቀስ በቀስ ያጣዋል። ድምፅ ሳያሰማ ወደ ሰውነት የሚገባው የስኳር በሽታ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው።

በጎንደር ከተማ በስተ ደቡብ ምዕራብ የምትገኘው አዘዞ የመንገድ መገናኛ ናት። ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው መንገድና በጭልጋ አድርጎ ወደ መተማ የሚኼደው መንገድ የሚለያዩት በእርሷ ላይ ነው፤ የዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያም በአጠገቧ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በ17ኛው መቶ ዓመት ገነተ ኢየሱስን ያሠሩባት ይህች ጥንታዊት ስፍራ ዛሬ የገጠርና የከተማ ኑሮ ፊት ለፊት የሚተያዩባት ሆናለች። ከደንቢያ ሜዳ እህሉን ይዞ በእግሩ የመጣው ቀጭን ገበሬና ከቤቱ እስከ መሥሪያ ቤቱ በባጃጅ የሚመላለሰው ወፍራም ሹም በአንዲት ገበያ ይገናኛሉ። ሁለቱ ቢታመሙና ወደ ሐኪም ቢኼዱ ሁለቱም የስኳር በሽታ አለባችሁ ሊባሉ ይችላሉ። የበሽታው ስም አንድ ይሁን እንጂ ጠባዩ አንድ አይደለም። አንደኛውን የሚያድነው ምክር ሁለተኛውን ሊገድለው ስለሚችል፤ መብልን በመመጠንና በእግር በመኼድ ስኳርን ስለ ማብረድ የሚናገር ሰው ሁሉ አስቀድሞ ይህን ልዩነት ማወቅ ይገባዋል።

ሰው የሚበላው እህል በሆድ ውስጥ ከተፈጨ በኋላ አብዛኛው ወደ ስኳር ተለውጦ በደም ይዞራል፤ ለሰውነትም ኃይል ይሆናል። ይህ ስኳር ከደም ወጥቶ ወደ ሥጋ እንዲገባ በር የሚከፍትለት ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋ፤ ወይም ኢንሱሊን እያለ ሰውነት አልታዘዝ ሲለው፤ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል። ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት መነሣት፤ የማይረካ የውሃ ጥም፤ ያለ ምክንያት መክሳት፤ የዐይን መደብዘዝና ቶሎ የማይድን የእግር ቍስል ምልክቶቹ ናቸው። ብዙ ሰው ግን አንዱንም ሳያስተውል ዓመታት ያልፉታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ዐይን፤ ኩላሊት፤ ልብና የእግር ጅማት ይጎዳሉ። ምንም ሳይቀመስ ባደረ ሰው ደም ውስጥ ስኳሩ በዴሲሊትር 126 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ቢገኝ፤ ዳግመኛም ተለክቶ ቢጸና፤ በሽታው አለ ይባላል።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. የታተመው የጎንደር ከተማና የዳባት ጥናት፤ ዕድሜያቸው 35 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች መካከል በከተማ ከመቶው 5.1፤ በገጠር ከመቶው 2.1 የስኳር በሽታ እንዳለባቸው አስረድቷል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ግን በሽታው ከተገኘባቸው ሰዎች ከመቶው 69ኙ እስከ ተመረመሩበት ቀን ድረስ መታመማቸውን ያላወቁ መሆናቸው ነው። የከተማው ቍጥር ከገጠሩ ከእጥፍ በላይ መሆኑም የኑሮ ለውጥ በጤና ላይ የሚያመጣውን ነገር ያመለክታል።

እንግዲህ ስለ ሹሙ አስቀድሞ መናገር ይገባል። በጕልምስና ወራት የሚመጣው፤ ከውፍረትና ከመቀመጥ ጋር የሚዛመደው የስኳር በሽታ፤ መብልን በመመጠንና በመንቀሳቀስ ብዙ ይረዳል፤ ገና ከመግባቱ በፊትም ሊከለከል ይችላል። ይህም በተስፋ ብቻ የሚነገር አይደለም፤ በሥራ ተፈትኗል። በቻይና አገር በዳቺንግ ከተማ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. በተጀመረው ጥናት፤ ስኳራቸው ከፍ ማለት የጀመረ 577 ሰዎች 6 ዓመት ተጠብቀው ነበር። ያለ ልዩ ምክር ከኖሩት ከመቶው 68 ያህሉ ሲታመሙ፤ መብላቸውን ካስተካከሉት፤ በሰውነት እንቅስቃሴ ከበረቱትና ሁለቱን ካጣመሩት ግን የታመሙት ከመቶው ከ41 እስከ 46 ብቻ ሆኑ። በ2002 በዚያው አቈጣጠር የታተመው የአሜሪካ ጥናት ደግሞ 3,234 ሰዎችን የመረመረ ነው። ክብደታቸውን ከመቶው 7 እጅ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተመከሩት የመታመም ዕድላቸው ከመቶው 58 ሲቀንስ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን ኪኒን የዋጡት የቀነሰላቸው ከመቶው 31 ነው። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 እጅ ማለት ከ5 ኪሎ ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ 150 ደቂቃም በሳምንት 5 ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት መኼድ ነው። ከአቅም በላይ የሆነ ነገር አልተጠየቀም።

ለዚህም የሚሆነው መብል ከባሕር ማዶ የሚመጣ አይደለም። ሽሮ፤ ምስር፤ ባቄላና ሽምብራ ስኳርን በደም ውስጥ ቀስ አድርገው የሚለቁ ናቸው፤ ጎመንና ሌላውም ቅጠላ ቅጠል እንዲሁ ነው። ጤፍ ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ከነገለባው ይፈጫል፤ ስለዚህ ከነጭ የፉርኖ ዱቄት ይሻላል። ይሁን እንጂ እንጀራም ቢሆን ሲበዛ ስኳር መሆኑ አይቀርም። ከእንጀራው ቀንሶ ወጡንና ጎመኑን ማብዛት፤ ጎመኑንና ምስሩንም አስቀድሞ ቀምሶ እንጀራውን ማስከተል ይጠቅማል። በፍጥነት የሚጎዳው የሚጠጣው ስኳር ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር ይዟል፤ በየስብሰባው ሦስት ሦስት ማንኪያ እየተጨመረበት የሚቀርበው ሻይም ቀኑን ሙሉ ሲደጋገም ቍጥሩ ቀላል አይደለም። ማር የንብ ሥራ ስለ ሆነ አይጎዳም የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ማርም በደም ውስጥ ስኳር ነው፤ ብርዝና ጠጅም ከዚህ አያመልጡም።

መኼድን በተመለከተ፤ የሚሠራ ሥጋ ኢንሱሊን በጎደለበት ጊዜ እንኳ ስኳርን ከደም ይስባል። ከምሳ ወይም ከራት በኋላ 15 ደቂቃ መንሸራሸር ከመብል በኋላ የሚወጣውን ስኳር ዝቅ ያደርገዋል። የቀደሙት አባቶች በእግራቸው ገዳም ለገዳም ሲዞሩ፤ ገበያ ወጥተው ሲመለሱ ያገኙት የነበረውን ይህን በረከት የዛሬው ሹም በወንበርና በመኪና ለውጦታል። ግማሹን መንገድ በእግር የሚኼድ አለቃ ቢኖር ከእርሱ በታች ያሉት ሠራተኞች ይከተሉታል፤ በስብሰባውም ከለስላሳ ይልቅ ውሃና ቆሎ ቢያቀርብ ያለ አዋጅ ብዙ ሰው ያድናል።

ስለ ገበሬው ደግሞ የሚነገረው ሌላ ነው። እርሱ ከማንም ይልቅ ይኼዳል፤ ከማንም ይልቅ መጥኖ ይበላል፤ ሆኖም ይታመማል። በጎንደር ሆስፒታል ያሉ ሐኪሞች ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር በአውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፤ በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልገው የስኳር በሽታ የሚበዛው በድኾችና በቀጫጭን ወጣቶች፤ ይልቁንም በወንዶች ላይ መሆኑን ገልጠው፤ የምግብ እጥረት ምክንያት ይሆንን ሲሉ ጠይቀዋል። የዓለም የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም በ2025 በዚያው አቈጣጠር ከምግብ እጥረት ጋር የሚዛመደውን በሽታ አምስተኛ ዓይነት ብሎ ተቀብሎታል። ለእንዲህ ያለው በሽተኛ “እህል ቀንስ፤ ብዙ ኺድ” የሚለው ምክር አይሆነውም። ኢንሱሊን ከታዘዘለት፤ ኢንሱሊኑ ምግቡ ነው፤ ቢተወው በጥቂት ቀን ውስጥ ማስታወክና ከባድ ትንፋሽ ይይዘዋል፤ ራሱንም ስቶ ሊሞት ይችላል። ኢንሱሊን በ1921 በካናዳ አገር ከመገኘቱ በፊት እንዲህ የታመመ ልጅ ሁሉ ከሞት አያመልጥም ነበር። ዛሬ መድኃኒቱ እያለ በወሬ ምክንያት መሞት ግን የሚያሳዝን ነው።

በዚህ ላይ የካህናት ድርሻ ታላቅ ነው፤ ሕዝቡ ስለ ጾም ከሐኪሙ በፊት የንስሐ አባቱን ይጠይቃልና። ጾም ለሥጋም ለነፍስም የሚጠቅም ቢሆንም፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ስኳርን የሚያወርድ ኪኒን የሚውጥ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ ቢውል ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድበት ይችላል። ያን ጊዜ ያልበዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ነገር ይምታታበታል፤ ያላወቀ ሰውም ሰካራም ነው ወይም መንፈስ ያዘው ይለዋል። መዋጥ የሚችል ከሆነ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ፈጥኖ ማጠጣት ያድነዋል፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ይገባል። የሐዋርያት ቀኖና ጾምን የሚሽረውን ካህን ሲወቅስ ደዌ የከለከለውን ለይቶ አስቀምጧል። ስለዚህ በሽተኛውን ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ጾሙን እንዲያስተካክል የሚፈቅድ አባት ሥርዓት አያፈርስም፤ ሥርዓት ይጠብቃል። በሌላ ወገን ደግሞ የጾም መብል ሁሉ ለስኳር በሽተኛ ይስማማል ማለት ስሕተት ነው። ቀን ተጾሞ ማታ በነጭ ዳቦ፤ በመኮሮኒና በጣፋጭ ሻይ የሚፈታ ጾም ስኳርን ያወጣዋል።

በጠበልም ነገር እንዲሁ ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤድስ በሽተኞች ሲናገሩ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ በይፋ አስተምረዋል። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ የሐኪምን ክብርና የመድኃኒትን ነገር ያነሣል። አብሽን የመሳሰለ ከጓዳ የሚገኝ ነገር ስኳርን በጥቂቱ ሊቀንስ ቢችልም የታዘዘን መድኃኒት አይተካም። መብሉን ያስተካከለና መኼድ የጀመረ በሽተኛም ስኳሩ ቢወርድለት መድኃኒቱን በራሱ አይቀንስ፤ ልኩን የሚያስተካክለው ሐኪሙ ነው።

እንግዲህ ሥራው ለሁሉ ተከፋፍሏል። ሹሙ ሆዱን ይቀንስ፤ እግሩን ያሠራ፤ በየጊዜውም ደሙን ይመርመር። የገጠሩ አስተዳዳሪ ኢንሱሊን ከጤና ጣቢያው እንዳይታጣ ይከታተል፤ መድኃኒቱን ፍለጋ ቀን ሙሉ የሚጓዝ ገበሬ አንድ ቀን ሊቀር ይችላልና። ካህኑም በዐውደ ምሕረት ላይ ሁለት ቃል ይጨምር፤ ለጠገበው መጥነህ ብላ፤ በኢንሱሊን ለሚኖረው መድኃኒትህን አትተው ይበል። በአዘዞ መገናኛ ላይ የቆሙት ሁለቱ ሰዎች ወደየቤታቸው በሰላም የሚገቡት እያንዳንዳቸው ለራሳቸው የሚሆነውን መንገድ የሚያሳያቸው ሲያገኙ ነው።