ከዲኤክስ ወደ ሲል፦ በላስታ ዳገት ሲመዘኑ

ከላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማው የሚወጣው መንገድ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሹምሽሃ ሜዳ ላይ ያለው ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር፣ ከተማው ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ በዚያች አጭር መንገድ ግማሽ ኪሎ ሜትር ሽቅብ ይወጣል። የላስታ ልጅ ስለሆንኩ ይሁን እንጃ፣ እኔ መኪና የምመዝነው በዚህ ዳገት ነው። ሜዳ ላይማ ሁሉም ይሮጣል።

ለ11 ዓመት የነዳኋት ዲኤክስ ነበረች። ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1983 የሠራት ኮሮላ ናት፤ ስሟም «ዲሉክስ» ለማለት ከኋላዋ ከተለጠፉት ሁለት ፊደላት የመጣ ነው። 1,290 ሲሲ ሞተር፣ 60 ገደማ የፈረስ ጉልበት፣ ከ900 ኪሎ የማይበልጥ ክብደት። ቁጥሯ ብቻ ሲታይ የስፖርት መኪና አያሰኛትም። የአዲስ አበባ ወጣት ግን ዝቅ እያደረገ፣ ጎማዋን እያሰፋ፣ ጭስ ማውጫዋን እየቀየረ የሚነዳት ያለ ምክንያት አይደለም። ቀላል ናት፤ የምትገፋውም በኋላ ጎማዋ ነው። ከእሷ ቀጥሎ የመጣው የኮሮላ ትውልድ በአብዛኛው ወደ ፊት ጎማ ስለዞረ፣ ኩርባ ላይ ጅራቷን እያወዛወዘች የምትዞር ኮሮላ የሚፈልግ ሰው ዛሬም የሚመለሰው ወደ እሷ ነው።

በጥር 2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ሲነገር፣ እኔም መኪና የመቀየሪያዬ ጊዜ ደርሶ ነበር። አሁን የምነዳት ቢዋይዲ ሲል ትባላለች። ባለ አራት በር፣ እንደ ዲኤክስ በኋላ ጎማ የምትገፋ፣ ሙሉ በሙሉ የኤሌክትሪክ። 313 የፈረስ ጉልበት አላት፤ ከቆመችበት ተነስታ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 5.9 ሰከንድ ይበቃታል። ባትሪዋ 82.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። ክብደቷ ግን ከ2,000 ኪሎ በላይ ነው፤ ሁለት ዲኤክስ በአንድ ላይ ቢጫኑ እንኳ አያህሏትም።

ሲልን ገና ላስታ አላደረስኳትም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ እንደ ልብ የሚኬድበት አላደረገውም። ስለዚህ የማወዳድራቸው፣ ዲኤክስን ከሹምሽሃ ላሊበላ ባመላለስኳት ትዝታ፣ ሲልን ደግሞ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም በሚያደርሰው ዳገት ነው። የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ የአየሩ መሳሳት የላሊበላን ቢያስንቅ እንጂ አያንስም።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው አየሩ ላይ ነው። ቤንዚን የሚነደው ከአየር ጋር ተደባልቆ ነው። ላሊበላ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሚሆን፣ ሞተሩ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚስበው አየርም በዚያው ልክ ይሳሳል። አየር በግድ የሚገፋ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ፣ የማንም ይሁን የማን፣ እዚህ ሲደርስ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ከ60ው ፈረስ 15ቱ ላሊበላ ሳይደርሱ ቀርተዋል ማለት ነው። ካርቡሬተሩ ደግሞ የአየሩን መሳሳት አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ቆላ መቅዳቱን ይቀጥላል። የቤንዚን ሽታ መስኮት አልፎ የሚገባው፣ ጭሱም የሚጠቁረው ለዚህ ነው። አሮጌ መኪና ይዞ ደጋ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም። ጉልበቱ የሚመጣው ከመግነጢስና ከመዳብ ጥቅል ስለሆነ፣ ጂቡቲ ወደብ ላይ ያለው 313 ፈረስ እንጦጦ አናት ላይም 313 ነው። መጀመሪያ ሽሮ ሜዳን አልፌ ፔዳሉን ስረግጥ እጄ ሳላዝዘው ማርሽ ፍለጋ ሄዶ ነበር። ማርሽ የለም። ጩኸትም የለም። ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጥፎ፣ የባሕር ዛፉ ግንድ ወደ ኋላ ሲሸሽ ብቻ ነው ፍጥነቱን ያወቅኩት።

ከሹምሽሃ ላሊበላ ቢሆንስ ምን ያህል ትበላለች? ሰው ጭና 2,300 ኪሎ ብትመዝን፣ 500 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ ሦስት ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃታል። የመንገዱ ርቀት ተጨምሮ ከባትሪዋ አሥር በመቶ አይሞላም። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የመልስ ጉዞው ነው። ዲኤክስን ቁልቁለት የማወርዳት በሁለተኛ ማርሽ ይዤ፣ የፍሬን ሸራው እንዳይግል እየተጠነቀቅኩ ነበር። ሲል ቁልቁለት ላይ እግሬን ካነሳሁ ሞተሯ ወደ ማመንጫነት ተቀይሮ መኪናዋን ይይዛል፤ ሽቅብ የወጣበትን ኃይል ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። እዚህ ላይ አንድ ምክር ልስጥ፦ አናት ላይ ሆናችሁ ባትሪውን ጢም አድርጋችሁ ሞልታችሁ ወዲያው ቁልቁል አትነሱ። የሞላ ባትሪ የሚመጣለትን ኃይል መቀበያ ቦታ ስለሌለው፣ መያዙም ለተራው ፍሬን ይተርፋል።

ይህን ሁሉ ብዬ ዲኤክስን ላሳንሳት አልችልም። መሪዋ ጠጠሩን ሁሉ ለመዳፌ ይናገር ነበር። የማርሽ እንጨቷ ጫፍ ከመያዝ ብዛት ቁጥሩ ጠፍቶ እንደ መቁጠሪያ ለስልሶ ነበር። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የምትሰጠኝን ደስታ ሲል በ100 አትሰጠኝም። የድሮ መኳንንት ለዘመቻ ሲነሡ በሰጋር በቅሎ ተቀምጠው ፈረሱን ያስስቡ ነበር፤ ፈረሱ ለውጊያው ሰዓት ነው። ዲኤክስ ፈረሴ ነበረች። ሲል ደግሞ ስገራዋ የማይነቀንቅ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠውባት የማታደክም በቅሎ ናት። ልዩነቱ ይህች በቅሎ ፈረሱንም መቅደሟ ነው።

ለላስታ መንገድ ግን ሆዷ ዝቅ ይላል። ከመሬት ያላት ክፍተት 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ባትሪዋም የተነጠፈው እዚያው ሆዷ ሥር ነው። ከጋሸና ላሊበላ ያለው 64 ኪሎ ሜትር ብዙ ዓመት ጠጠር ሆኖ የኖረ መንገድ ነው። ጎርፍ የቦረቦረው መንገድና የተነቀለ ድንጋይ ላይ፣ ባለ 13 ኢንች ወፍራም ጎማዋ ዲኤክስ በቀላሉ የምታልፈውን ሲል ቆም ብላ ማሰብ አለባት። በዚህ በኩል ፍርዴ ግልጽ ነው፤ ለአስፋልቱ ሲል፣ ለጠጠሩ አሮጌዋ።

በዚያው በጋሸና መንገድ ተከዜን ትሻገራላችሁ። ላስታ ውስጥ ተከዜ ገና ልጅ ነው፤ ከተራሮቹ ወርዶ በድንጋይ መሐል የሚንሸራተት ቀጭን ውሃ። ዝቅ ብሎ ትግራይና አማራ ሲገናኙ ግን በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ 300 ሜጋ ዋት ያመነጭበታል። ከአገራችን መብራት ከዘጠና በመቶ በላይ የሚመጣው ከእንዲህ ያለ ውሃ ነው። የዲኤክስ ነዳጅ ባሕር ተሻግሮ፣ በዶላር ተገዝቶ ነበር የሚመጣልኝ። የሲል ኃይል ግን ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ከሚነሡ ምንጮችም ጭምር የሚመጣ ነው። ይህን ሳስብ የላስታ ልጅነቴ ደስ ይለዋል።

ከአዲስ አበባ በደሴና በወልዲያ ላሊበላ ለመድረስ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ የተሞላ ባትሪ አያደርስም። ደርሶም መመለሻ ይፈልጋል። ከተራ ሶኬት ሁለት ኪሎ ዋት ብቻ ስለሚገኝ ሲልን ከባዶ ለመሙላት ከ40 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ለብቻው በተሳበ ባለ 32 አምፔር መስመር ግን 12 ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ እንግዳ እራቱን በልቶ፣ ተኝቶ፣ ማለዳ ቅዳሴ ሰምቶ እስኪመለስ ድረስ። የላሊበላ ሆቴል ባለቤቶች ሆይ፣ መንገዱ ሰላም ሆኖ እንግዳው መምጣት ሳይጀምር፣ ግቢያችሁ ውስጥ ከምድር ጋር በደንብ የተያያዘ አንድ እንዲህ ያለ መስመር አስዘርጉ። የመጀመሪያዋን ባለ ኤሌክትሪክ መኪና ይዤ የምመጣው እኔ ልሆን እችላለሁ።