ዘይት የሚወደው ቀለም

ቀይ ሥር ሲቀቀል ውሃው ደም ይመስላል። ካሮት ሲቀቀል ግን ውሃው እምብዛም አይቀላም። ያንኑ ካሮት ከትፎ በዘይት ያቁላላ ሰው ደግሞ ዘይቱ ብርቱካንማ ሲሆን ያያል። የቀይ ሥር ቀለም ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ የካሮት ቀለም ቅባት ይፈልጋል። ይህ ቅባት ወዳድ የቀለም ቤተሰብ ካሮቲኖይድ ይባላል። ስሙም የመጣው ከካሮት ነው፤ ጀርመናዊው ሃይንሪች ቫከንሮደር እ.ኤ.አ. በ1831 መጀመሪያ ለይቶ ያወጣው ከእሱ ነበርና።

ዛሬ ከ600 በላይ የካሮቲኖይድ ዓይነቶች ይታወቃሉ። ዕፅዋት ራሳቸው ይሠሯቸዋል፤ እንስሳት ግን በአብዛኛው በልተው ነው የሚያገኟቸው። የፍላሚንጎ ጫጩት ግራጫ ሆና ተፈልፍላ፣ ሐይቅ ውስጥ ከምትለቅመው ምግብ ሮዝ ቀለሟን ታገኛለች። ለምለም ሣር የጋጠች ላም ቅቤዋ ቢጫ የሚሆነውም በዚሁ ነው። ጎመንም ካሮቲኖይድ ሞልቶታል፤ አረንጓዴው ሸፍኖት እንጂ። ቅጠሉ ሰንብቶ ሲጠወልግ አረንጓዴው ይፈርስና ሥር የነበረው ቢጫ ብቅ ይላል። ቢጫ ሁሉ ግን ካሮቲኖይድ አይደለም፤ የእርድ ቀለም ከሌላ ወገን ነው።

ለጤና ያላቸው ጥቅም እንደየዓይነታቸው ይለያያል። በካሮት፣ በዱባ፣ በማንጎና ውስጡ ብርቱካንማ በሆነው ስኳር ድንች የሚገኘው ቤታ ካሮቲን በሰውነታችን ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ ይለወጣል። ቫይታሚን ኤ ያነሰው ሰው ሲመሽ ማየት ይሳነዋል፤ ዳፍንት የምንለው ይህን ነው። እጥረቱ ከጠና ሕፃናትን እስከ መታወር ያደርሳል፤ በሽታ የመከላከል አቅማቸውንም ያዳክማል። በጎመንና በእንቁላል አስኳል ያሉት ሉቲንና ዚያዛንቲን ደግሞ የዓይናችን ውስጠኛ ግድግዳ መሐል ላይ፣ ጥርት አድርገን በምናይበት ስፍራ ይከማቻሉ፤ እዚያም ሰማያዊውን ብርሃን ያጣራሉ። ቲማቲምን የሚያቀላው ሊኮፒን ወደ ቫይታሚን ኤ አይለወጥም።

ካሮት ያበዛ ሰው መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ሊሆን ይችላል። የወፍ በሽታ ነው ብሎ ከመደንገጥ በፊት የዓይኑን ነጭ ማየት ነው፤ በወፍ በሽታ የዓይን ነጩም ቢጫ ይሆናል፣ በካሮት ግን አይነካም። ሰውነት ከቤታ ካሮቲን ቫይታሚን ኤ የሚሠራው በልክ ስለሆነ ከምግብ የመጣው አይመርዝም። ካሮት ሲቀነስ ቆዳውም ይመለሳል።

ክኒኑ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በፊንላንድ ከ29,000 በላይ ወንድ አጫሾች በተሳተፉበት ጥናት፣ በቀን 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር ይቀንሳል ሲባል በ18 በመቶ ጨመረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ ሆነ። በአሜሪካ የተጀመረ ተመሳሳይ ሙከራም ይህ ውጤት ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ ጊዜው ሳይደርስ ተቋረጠ። ስለዚህ አጫሽ የሆነ ሰው ይህን ክኒን ባይነካው ይሻለዋል፤ ካሮቱን ግን ይብላ።

አበላሉም ዘዴ አለው። ጥሬ ካሮት ውስጥ ቀለሙ በሕዋሳቱ ግድግዳ ታስሮ ስለሚቀመጥ ብዙው ሳይፈጭ ያልፋል። መክተፍ፣ ማብሰልና ጥቂት ቅባት ያስፈቱታል። ሊኮፒንም ከጥሬ ቲማቲም ይልቅ ከቲማቲም ድልህ በቀላሉ ወደ ሰውነት ይገባል። ለጎመኑም ለሰላጣውም አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ይበቃል።

ወጥ የምትሠራ ሴት ይህን ሁሉ ሳትማር ታደርገዋለች። በርበሬውን በቅባት አቁላልታ፣ ወጡ መብሰሉን የምታውቀው ቀይ ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ነው። ያ ቅላት የበርበሬው ካሮቲኖይድ ቅባቱ ውስጥ ሟሙቶ ነው። ታዲያ ቅባት መቀነስ የፈለገ ሰው ድስቱን ሲጥድ ጥቂት ጠብ ያድርግ፤ መጨረሻ ላይ ከላይ የተንሳፈፈውን ገፎ ቢደፋ ከዘይቱ ጋር ቀለሙንም ይደፋዋል።