3,215 ሰውና ግማሽ አህጉር

በ1666 መጀመሪያ፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ ዣን ታሎን የሚባል ሹም በካናዳ የሰፈሩትን ፈረንሳዮች ማስቆጠር ጀመረ። ቅኝ ግዛቱን እንዲያስተዳድር ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የላከው ሰው ነው። መዝጋቢዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ስም፣ ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታና ሙያ ጻፉ፤ ታሎን ራሱም ብዙ በር አንኳኳ። ሲደመር 538 ቤተሰብ፣ 3,215 ነፍስ ሆነ። በሰሜን አሜሪካ ምድር ሰው በየስሙ የተቆጠረበት የመጀመሪያው ቆጠራ ይኸው ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

3,215 የአንድ ከተማ ሕዝብ እንዳይመስላችሁ፤ የመላው ቅኝ ግዛት ሕዝብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል የሚሰለፈው ተማሪ ከዚህ ብዙም አያንስም። ዋና ከተማዋ ኩቤክ 547 ነዋሪ ብቻ ነበራት። ከቆጠራው 16 ዓመት በኋላ፣ በ1682፣ ላ ሳል የተባለው አሳሽ የሚሲሲፒን ወንዝ ተከትሎ እስከ ባሕር ወረደና ወንዙና ገባሮቹ የሚያጠጡት አገር በሙሉ የንጉሡ ነው ብሎ አወጀ። ይህ መሬት ከ3 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚያን ጊዜ በካናዳ የነበሩት ፈረንሳዮች ገና ወደ 10,000 እየተጠጉ ነበር። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚያስደንቀኝ ካርታው ላይ የተቀባው ቀለም ስፋትና የቀቢዎቹ ማነስ ነው።

ደግሞ 3,215 ራሱ ከተነሱበት አንጻር ብዙ ነው። ሳሙኤል ደ ሻምፕላን በ1608 ኩቤክን ሲቆረቁር ብርዱን ለማሳለፍ የቀሩት 28 ሰዎች ነበሩ። ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ በማጣት የሚመጣው፣ ድድን አሳብጦ ጥርስ የሚያወልቀው ስከርቪ የተባለ በሽታና ተቅማጥ ተባብረው ፈጇቸው። በረዶው ሲቀልጥ በሕይወት የተገኙት 8 ብቻ ናቸው።

ፈረንሳዮች ግን የዚያን አገር ባሕር ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ሻምፕላን ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፣ በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ የፈረንሳይ መርከቦች ወደ 10,000 የሚጠጉ ዓሣ አጥማጆችን ይዘው ወደ ኒውፋውንድላንድ ባሕር ይሄዱ ነበር። ኮድ የሚባለውን ዓሣ አጥምደው፣ ጨው ነስንሰው ወይም አድርቀው ብርዱ ሳይገባ ይመለሳሉ። መጥቶ የሚመለሰው እልፍ፣ የሚቀረው በጣት የሚቆጠር ነበር።

ለምን አልቀሩም? አንዱ ምክንያት ንግዱን በሞኖፖል የያዙት ኩባንያዎች ገበሬ አለመፈለጋቸው ነው። ትርፉ ያለው የዱር አውሬ ቆዳ ላይ ነው፤ ቆዳውን የሚያመጡት ደግሞ የአገሩ ተወላጆች ናቸው። ሉዊ ኤቤር የሚባል የፓሪስ መድኃኒት ቀማሚ በ1617 ከሚስቱ ከማሪ ሮሌና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር መጥቶ ኩቤክ አምባ ላይ ደን መነጠረ፤ እህል ዘራ፤ አትክልት ተከለ። ይህን ሁሉ ያደረገው በእጅ መሣሪያ ነው። በ1627 ሲሞት በቅኝ ግዛቱ አንድም ማረሻ አልነበረም። በበሬ የሚሳብ ማረሻ መሬቱን የነካው በ1628፣ ኩቤክ በተቆረቆረች በ20 ዓመቷ፣ እሱም በሞተ በዓመቱ ነው።

የፈረንሳይ መንግሥት ነገሩ አሳፍሮት ነበር። ዋና ሚኒስትሩ ካርዲናል ሪሽሊዩ በ1627 አዲስ ኩባንያ አቋቁሞ በ15 ዓመት ውስጥ 4,000 ሰፋሪ እንዲያስገባ አስፈረመው። በማግሥቱ ዓመት የተላኩትን መርከቦች እንግሊዞች ባሕር ላይ ያዟቸው። በ1629 ኩቤክ ራሷ ተርባ እጇን ሰጠች፤ ለፈረንሳይ የተመለሰችውም በ1632 ነው። ንጉሡ በ1663 ግዛቱን ከኩባንያው ተቀብሎ በቀጥታ ማስተዳደር ሲጀምር፣ ከ36 ዓመት በኋላ ማለት ነው፣ ሕዝቡ ወደ 3,000 ገደማ ነበር። በ15 ዓመት ይገባል የተባለውን እንኳ አልሞላም።

የታሎን መዝገብ ሌላም ጉድ ይዟል። ከ3,215ቱ 2,034 ወንዶች፣ 1,181 ሴቶች ናቸው። ከ16 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ያላገቡ ብቻ ብንወስድ ወንዶቹ 719፣ ሴቶቹ 45 ይሆናሉ። ለአንዲት ልጃገረድ 16 ወንድ!

መፍትሔው ሴት በመርከብ ማስመጣት ሆነ። ከ1663 እስከ 1673 ወደ 770 የሚጠጉ ሴቶች በንጉሡ ወጪ ተላኩ። ብዙዎቹ ድሆች ነበሩ፤ ወላጅ አልባ የሆኑም ብዙ ናቸው። ለአንዲቷ ከተሰጠው ሣጥን ውስጥ የነበረውን እንመልከት፦ አንድ ማበጠሪያ፣ አንድ መቀስ፣ ሁለት ቢላዋ፣ አንድ ጥቅል ነጭ ክር፣ አንድ ጥንድ ጓንት፣ 100 መርፌ፣ 1,000 ስፒል፣ በጥሬ ገንዘብ ደግሞ 2 ሊቭር። ሲያገቡም ከንጉሡ 50 ሊቭር የሚያገኙ ነበሩ። ውቅያኖስ አቋርጣ፣ ወርዳ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ የማታውቀውን ሰው አግብታ፣ የግማሽ ዓመት በረዶ ባለበት አገር ጎጆ ለምትወጣ ሴት መንግሥት የሰጣት ስንቅ ይህ ነው። መርፌና ስፒሉ መብዛቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ መርከብ በዓመት አንዴ በሚመጣበት አገር መርፌ ከጠፋ እስከ ከርሞ አይተካም።

ወላድ ለሆነ ቤትም ድጎማ ወጣ። 10 ልጅ በሕይወት ያለው አባት በዓመት 300 ሊቭር፣ 12 ያለው 400 ሊቭር እንዲከፈለው ታዘዘ። ፈረንሳይ በ150 ዓመት ውስጥ ልካ በዚያው የቀሩት ሰፋሪዎች 10,000 ገደማ ናቸው። በ1760 ግን ሕዝቡ ወደ 70,000 ደርሶ ነበር። ልዩነቱ የነዚህ ሴቶች ምጥ ነው።

ኑሮው ወንዝ ዳር ነበር። ሴንት ሎረንስ ወንዝ መንገድም ገበያም ስለሆነ ሁሉም ገበሬ ውኃ የሚነካ መሬት ይፈልጋል። ስለዚህ ማሳው እንደ መቀነት ቀጭን ሆኖ ይመተር ነበር፤ በወንዙ በኩል ወርዱ 175 ሜትር ገደማ፣ ወደ ጫካው ርዝመቱ እስከ 2 ኪሎ ሜትር። ገበሬው ከሚያስፈጨው እህል ከ14 ቁና አንዱን ለባለ ርስቱ ወፍጮ፣ ከምርቱም ከ26 ቁና አንዱን ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል። ፈረስ ንጉሡ በ1665 ደርዘን ያህል ልኮ ነበር። በ1709 አስተዳዳሪው ፈረስ በዛ ብሎ አንድ ገበሬ ከሁለት ፈረስና ከአንድ ግልገል በላይ እንዳይዝ አዋጅ እስከማውጣት ደረሰ።

ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ግን ባርኔጣ ነው። ቢቨር ዛፍ በጥርሱ እየገዘገዘ ወንዝ የሚገድብ እንስሳ ነው። ፀጉሩ ድርብ ሲሆን የላዩ ረጅምና ሸካራ፣ የውስጡ አጭርና ለስላሳ ነው። የውስጡ ፀጉር በዓይን የማይታይ ኩርንችት ስላለው ሲታሽ እርስ በርሱ ተያይዞ ዝናብ የማያበላሸው ጠንካራ ጨርቅ ይወጣዋል። የአውሮፓ መኳንንት ባርኔጣ የሚሠራው ከዚህ ነበር። ችግሩ ረጅሙን ፀጉር መንቀል ነው፤ እዚህ ላይ የንግዱ እጅግ አስገራሚ ነገር ይመጣል። ተወላጆቹ ጥቂት ቆዳዎችን ሰፍተው ካባ ያደርጉና ፀጉሩን ወደ ገላቸው አዙረው ይለብሱታል። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ሲለበስ ረጅሙ ፀጉር በመታሸት ይረግፋል፤ የቀረው በላብና በቅባት ይለሰልሳል። ነጋዴዎቹ ቅባታም ቢቨር ይሉት ነበር። ያ ያረጀ ካባ ከአዲስ ቆዳ ይበልጥ ያወጣል። በአንድ የዌንዳት ወይም የክሪ ተወላጅ ትከሻ ላይ የከረመ ልብስ ፓሪስ ደርሶ የባለጸጋ ባርኔጣ ይሆናል።

በምትኩ የሚሄደው የመዳብ ድስት፣ መጥረቢያ፣ ቢላዋ፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ጠመንጃ፣ ጨሌና ብራንዲ ነው። ብራንዲው ያስከተለው ጥፋት ከፍተኛ ስለነበር ጳጳሱ ላቫል በ1660 ለተወላጆች የሚሸጡትን አወገዘ፤ ንግዱ ግን አልቆመም።

አሁን የጊዜውን ርዝመት እናስላ። ወንዙ ከኅዳር ወይም ከታኅሣሥ ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ድረስ በበረዶ ይዘጋል። ከፈረንሳይ ኩቤክ ለመድረስ መርከብ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። አንድ የሞንትሪያል ነጋዴ ወንዙ ሳይዘጋ በወጣው የመጨረሻ መርከብ ጨርቅ ቢያዝ የሚደርሰው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ዕቃውን በታንኳ ወደ ላይኛው አገር ይልካል። በታላላቆቹ ሐይቆች ዳር እስካለው የንግድ ጣቢያ፣ እስከ ሚሺሊማኪናክ፣ ያለው መንገድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ፏፏቴና ዐለት ባለበት ሁሉ ታንኳውንም ጭነቱንም ትከሻ ላይ አድርጎ ማለፍ ግድ ነው፤ እንዲህ ያለው ቦታ ከ30 ይበልጣል። ቆዳው ተመልሶ ሞንትሪያል፣ ከዚያ ኩቤክ፣ ከዚያ ፈረንሳይ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ዓመት ያልፋል። በዚህ መሐል ፓሪስ ላይ ዋጋ ቢወድቅ ጫካ ያለው ሰው የሚያውቅበት መንገድ የለም። እንዲያውም ይኸው ደረሰ፤ ቢቨር መጋዘን ሞልቶ ገዢ በመጥፋቱ በ1696 ንጉሡ ወደ ጫካ የሚያስገባውን የንግድ ፈቃድ ሰረዘ።

መርከብ መዘግየቱ የፈጠረውን ገንዘብም ልጥቀስ። በ1685 የወታደሮቹ ደመወዝ አልደረሰም። አስተዳዳሪው ዣክ ደ ሜል ቸገረው፤ ለገንዘብ የሚሆን ወረቀትም ማተሚያም የለም። የመጫወቻ ካርታ ሰብስቦ ዋጋ ጻፈበት፤ ፈረመበት፤ ማኅተም አደረገበት፤ ገበያው እንዲቀበለውም አዘዘ። በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያው የወረቀት ገንዘብ ይህ ነው። መርከቡ ሲመጣ ካርታው በብር ተመነዘረ። ነገር ግን ልማድ ሆኖ ቀረ፤ በ1714 በሕዝቡ እጅ ያለው የካርታ ገንዘብ ወደ 2 ሚሊዮን ሊቭር ደርሶ ነበር። መንግሥት የመለሰው በግማሽ ዋጋ ነው። ሌላው ግማሽ ከገበሬውና ከነጋዴው ኪስ ወጣ።

ወደ ታሎን መዝገብ ልመለስ፤ በጣም የከነከነኝ ያልያዘው ቁጥር ነውና። ተወላጆቹን አልቆጠረም። ፈረንሳዮች ከመስፋፋታቸው በፊት ዌንዳቶች ብቻቸውን ከ20,000 እስከ 30,000 እንደነበሩ ይገመታል። በ1634 የጀመረው ወረርሽኝና በ1639 የተከተለው ፈንጣጣ ከጨረሳቸው በኋላ በ1640 የቀሩት 10,000 ገደማ ናቸው። በስድስት ዓመት ያለቀው የአንድ ሕዝብ ክፍል ታሎን ከቆጠረው ቅኝ ግዛት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ነበር። ባሮቹም አሉ። ማርሴል ትሩዴል የተባለው የታሪክ ሊቅ ከመዛግብት ለቅሞ ከ17ኛው እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት በዚያ አገር በባርነት የኖሩ ወደ 4,200 ሰዎች አግኝቷል። ሁለት ሦስተኛው ያህል ተወላጆች፣ የተቀሩት ጥቁሮች ናቸው።

እንዲህ ያሉ ጥቂት ሰዎች ያን ያህል አገር እንዴት ያዙ ለሚለው መልሱ አልያዙም ነው። አገሩ የባለቤቶቹ ነበር፤ ፈረንሳዮቹ በነሱ ፈቃድ፣ በነሱ ታንኳ፣ በነሱ መንገድ ሄዱ። በ1701 በጋ የሆነው ይህን ያሳያል። ወደ 40 ከሚጠጉ ሕዝቦች የመጡ 1,300 ያህል መልእክተኞች እርስ በርሳቸውና ከፈረንሳዮች ጋር ለመታረቅ ሞንትሪያል ገቡ። እንግዶቹ ከከተማዋ ነዋሪዎች ቢበልጡ እንጂ አያንሱም ነበር። የዌንዳቱ መሪ ኮንዲያሮንክ በድርድሩ መሐል በትኩሳት ሞተ፤ ፈረንሳዮቹም በታላቅ ክብር በቤተ ክርስቲያናቸው ቀበሩት። ነሐሴ 4 ቀን 1701 አለቆቹ የየነገዳቸውን ምልክት፣ ወፉንም አውሬውንም፣ በውሉ ላይ ሥለው ፈረሙ። በኔ ፍርድ የቅኝ ግዛቱ እውነተኛ መሠረት ያ ውል ነው።

ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ሲመጣ ግን ቁጥር በቁጥር ሆነ። በ1760 የካናዳ ፈረንሳዮች 70,000 ሲሆኑ በደቡብ ያሉት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ሕዝብ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ከ20 እጥፍ ይበልጣል። በ1763 የፓሪስ ውል ፈረንሳይ ካናዳን ሰጥታ ስኳር የሚበቅልባቸውን የካሪቢያን ደሴቶች ማርቲኒክንና ጓዴሉፕን አስመለሰች። የጓዴሉፕ ስፋት 1,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በባሮች ጉልበት የሚመረተው ስኳር በመዝገብ ላይ ከቢቨር ይበልጥ ስለነበር ልውውጡ ለፓሪስ ሹማምንት ከባድ አልሆነባቸውም።

ለዓሣ አጥማጆቿ ማረፊያ ይሆኑ ዘንድ በኒውፋውንድላንድ አጠገብ ያሉ ትንንሽ ደሴቶችም ተተዉላት። ሴንት ፒየርና ሚከሎን ይባላሉ፤ ዛሬም የፈረንሳይ ናቸው። 242 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬትና ወደ 6,000 የሚጠጋ ነዋሪ አላቸው፤ የሚገበያዩት በዩሮ ነው።